በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ያገር ዕውቀት
ስለ እንሰት፥ ስለ ጌዴኦ ምድር፥ ስለ ሐይቅና ስለ ጥንት አጥንት የታተሙ አራት መጻሕፍት ሲመረመሩ

መጽሐፍ አዲስ የሚባለው በታተመበት ዓመት ብቻ አይደለም፤ ያልደረሰው አንባቢ እስካለ ድረስ ለዚያ አንባቢ አዲስ እንደ ሆነ ይኖራል። በዚህ ሚዛን ሲመዘን፥ ስለ ኢትዮጵያ ምድርና ውኃ፥ ስለ አትክልቷና ስለ ጥንት ዘመኗ ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ገደማ ታትመው ከወጡት የዕውቀት መጻሕፍት የሚበዙት ለሀዋሳ ሰው ዛሬም አዲስ ናቸው። የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው፤ ማኅተማቸውም የተመታው በባሕር ማዶ ነው። የሚናገሩት ግን ስለ ሩቅ አገር ሳይሆን በጓሮው ስለ ቆመው እንሰት፥ ከደጁ ስለ ተኛው ሐይቅ፥ ከእግሩ በታች ስላለው የስምጥ ሸለቆ አፈር ነው። የማያነበው ሰው የሚያጣው የንባብን ደስታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል በሆነ ነበር። ነገር ግን በነዚህ መጻሕፍትና ተከትለዋቸው በመጡት ጥናቶች ውስጥ የሰብል በሽታ፥ የሕፃናት ምግብ፥ የሚጠጣ ውኃና የሚበላ ዓሣ ነገር ይገኛል፤ ስለዚህ ጉዳቱ ከመደርደሪያ አልፎ እስከ ማዕድ ይደርሳል።

ሀዋሳ የዕውቀት ቤት የሌላት ከተማ አይደለችም። ከተማይቱ በ1960 ገደማ በሐይቁ ዳር ተቈረቈረች፤ የእርሻ ኮሌጅዋ በ1976 ተከፈተ፤ በ2000 የቆመውም ዩኒቨርሲቲ ዛሬ በስሟ ይጠራል፤ ከ2020 ወዲህ ደግሞ የሲዳማ ክልል መናገሻ ሆናለች። (በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) የእርሻ ምርምር ጣቢያዋ ከዚህ ቀጥለው ከሚመረመሩት መጻሕፍት ባንዱ ላይ ስሙ ተጽፎ ይገኛል። እንግዲህ ዕውቀቱ የተለቀመው ከዚህ ሆኖ ሳለ የተደገሰው ሌላ ዘንድ መሆኑ ነው የሚያሳዝነው።

ወደ መጻሕፍቱ ከመግባት በፊት ስለ ስም አንድ ነገር መታየት ይገባዋል። የዓለም የዕፀዋት ሊቃውንት የእንሰትን ወገን በላቲን «ኤንሴቴ» ብለው መዝግበውታል፤ ቃሉ ካገር የተወሰደ ነው። ጤፍም በዚያው መዝገብ ሁለተኛ ስሙ «ቴፍ» ነው። በአፋር ምድር የተገኙት የጥንት ፍጡራን አጥንቶች ስማቸውን ያገኙት ከአፋርኛ ነው፤ «አርዲ» መሬት፥ «ራሚድ» ሥር ማለት ስለ ሆነ ከነዚህ ሁለት ቃላት «አርዲፒቴከስ ራሚዱስ» የሚለው ስም ወጣ። በ1999 የተሰየመው «ጋርሂ» ድንገተኛ ነገር፥ በ2003 የተሰየመው «ኢዳልቱ» ታላቅ ሽማግሌ፥ በ2015 የተሰየመው «ዴይረመዳ» የቅርብ ዘመድ ማለት ነው። ስለዚህ ያገሪቱ ቋንቋዎች ለዓለም ዕውቀት ስም መስጠት አልተሳናቸውም። ስሙ ሄዶ ዕውቀቱ ሳይመለስ መቅረቱ ግን በገበያ ሕግ እንኳ ቢታይ ብድር ያልተከፈለበት ንግድ ነው።

ከአራቱ መጻሕፍት ፊተኛው በ1997 በአሜሪካ የሳይንስ ማኅበር አማካይነት፥ ከሀዋሳ እርሻ ምርምር ማዕከል፥ ከጃፓን የኪዮቶና ከአሜሪካ የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲዎች ጋራ በመተባበር የታተመው ነው። ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ረኃብን የሚከላከል ዛፍ» ይሆናል። ስቲቨን ብራንትና አኒታ ስፕሪንግ፥ ከእነርሱም ጋራ ኢትዮጵያውያን የእርሻና የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪዎች በአንድነት ጽፈውታል። ገጹ ጥቂት ነው፤ ይዞታው ግን ሰፊ ነው። እንሰት እንዴት እንደሚተከል፥ እንዴት እንደሚዛወር፥ እንዴት እንደሚፋቅ፥ በየሕዝቡም ኑሮ ውስጥ ምን ያህል ስፍራ እንደ ያዘ በቅደም ተከተል ይናገራል። በሲዳማና በጉራጌ እንሰት ዋነኛ እህል ሲሆን፥ በሌላው አገር ከእህል ወይም ከሥራ ሥር ጋራ እኩል ቆሞ፥ በሌላው ደግሞ ረዳት ሆኖ እንደሚገኝ ለይቶ ማሳየቱ የመጽሐፉ ትልቅ ብልኀት ነው። አንባቢው «የደቡብ ሰው እንሰት ይበላል» ከሚለው ጠቅላላ ወሬ ወጥቶ እያንዳንዱን አገር በየመልኩ ያያል።

በሰሜን ያደገ አንባቢ ይህን ተክል ኮባ ብሎ ነው የሚያውቀው፤ ቅጠሉንም ለድፎ ዳቦ መጋገሪያ ከማዋል በቀር ሌላ ጥቅም አያስበውም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ግን በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ውስጥ ስለ እንሰት ጽፎ ሥዕሉንም አትሟል፤ የሚበላ መሆኑንም አስታውቋል። በሲዳማ ደጅ የሚታየው ሥራ ግን ከብሩስ ሥዕል እጅግ ይሰፋል። የእንሰቱ ሥር ተቈፍሮ እምብርቱ ከወጣ በኋላ ተመልሶ ሲቀበር ካንዱ ሥር በዐሥር በዐሥር የሚቈጠር ችግኝ ይበቅላል። ችግኙም ከስፍራ ወደ ስፍራ እየተዛወረ፥ በከብት ፍግ እየተመገበ፥ እንደ ምድሩ ብርድና ሙቀት ከአራት እስከ ሰባት ዓመት፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ይቆያል። አበባ የሚያወጣው በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያም ይሞታል፤ ስለዚህ ገበሬው አበባው ሊወጣ ሲል ወይም ጥቂት ቀደም ብሎ ይቈርጠዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የሴቶች ነው። ግንዱ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ተጋድሞ በቀርከሃ መፋቂያ ይፋቃል፤ ሥሩ ይቀጠቀጣል፤ የተፋቀውም በቅጠል በተነጠፈ ጕድጓድ ተቀብሮ ለሳምንታትና ለወራት ይብላላል። ከዚህ ቆጮ ይወጣል፤ ከጭማቂው የሚረጋው ነጭ ዱቄት ቡላ ነው፤ ሥሩ ተቀቅሎ ሲበላ አምቾ ይባላል፤ የተረፈው ቃጫ ገመድና ጆንያ ይሆናል። ይህ ሁሉ ከጥበብ የሚቈጠር ሥራ ነው፤ በጕድጓድ ውስጥ ሳይበላሽ ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ እህል ማዘጋጀት የማብላላትን ሕግ ማወቅን ይጠይቃልና። መጽሐፉ ይህን የእናቶች ዕውቀት እንደ ጓዳ ሥራ ሳያቃልል እንደ ሙያ መመልከቱ ሊመሰገን ይገባዋል። መጽሐፈ ቴክኖሎጂ ሲባል ፋብሪካና ሞተር ብቻ ለሚመስለው ሰው የቀርከሃ መፋቂያውና የተነጠፈው ጕድጓድ ጥሩ መምህር ናቸው።

ነገር ግን ርእሱ ይመረመር። ዛፍ መባሉ በመልክ እንጂ በባሕርይ አይደለም፤ እንሰት የሙዝ ዘመድ የሆነ ታላቅ ቅጠላ ቅጠል ነው፤ ግንድ የሚመስለውም የቅጠሎቹ እግር ተደራርቦ የሠራው ነው። «ረኃብን የሚከላከል» መባሉም ግማሽ እውነት ነው። ዝናም ባንድ ዓመት ቢጠፋ ጤፍና በቆሎ ያን ዓመት ይጠፋሉ፤ የአራትና የአምስት ዓመት እንሰት ግን ውኃ በግንዱ ይዞ ይቆያል፤ ባለቤቱም በፈለገው ወር ይቈርጠዋል። ይህ ታላቅ በረከት ነው። ሆኖም ቆጮ ኀይል የሚሰጥ እንጂ ሥጋን የሚገነባ ንጥረ ነገር ብዙ የሌለው ምግብ ስለ ሆነ፥ ያለ ወተት፥ ያለ ጎመን፥ ያለ ባቄላ ወይም ያለ ዓሣ ብቻውን ለሕፃን አይበቃም። በ2008 የበልግ ዝናም በመቅረቱ በደቡብ አገር ሕፃናት በምግብ እጦት ሲጐዱ ምድሩ አረንጓዴ ነበረ፤ የውጭ አገር ጋዜጦችም «አረንጓዴ ረኃብ» ብለው ጻፉ። ከብቱ ሲያንስ ወተቱም ፍጉም ያንሳል፤ ፍጉ ሲያንስ እንሰቱ ይከሳል፤ መሬቱ በልጆች መካከል ሲከፋፈል አምስት ዓመት የሚጠብቅ ተክል ስፍራ ያጣል። ስለዚህ ርእሱን ብቻ አንብቦ መጽሐፉን የሚዘጋ ሰው ይሳሳታል፤ ተክሉ ረኃብን የሚከላከለው ከላም፥ ከጎመንና ከበቂ መሬት ጋራ ሲቆም ነው።

የእንሰት ጠላት ደግሞ አለ። አጠውልግ የሚባለውን የባክቴሪያ በሽታ በ1968 ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ መርምረው በሳይንስ ጽሑፍ አስታወቁ። በሽታው ከታመመ ተክል ወደ ጤነኛው በቢላዋና በመፋቂያ ይሸጋገራል፤ ቅጠሉ ይጠወልጋል፥ ግንዱም ሲቈረጥ ቢጫ ፈሳሽ ያወጣል። መድኃኒት የለውም፤ መከላከያው የታመመውን ነቅሎ መቅበርና ቢላዋውን በእሳት ማንጻት ነው። በ2001 ይኸው በሽታ በኡጋንዳ የሙዝ እርሻ ላይ ታየ፤ ከዚያም ወደ ጎረቤት አገሮች ተዛመተ። ቢላዋን በእሳት ማሳየት ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ምክር ነው፤ የሚጠይቀው ምክንያቱን በሚገባ ቃል የሚያስረዳ ጽሑፍ ብቻ ነው። ምክንያቱ ያልተነገረው ገበሬ ምክሩን ለአንድ ሳምንት ይጠብቀውና ይተወዋል፤ ምክንያቱን የተረዳው ግን ለልጁም ያስተምራል።

ነገሩ ወደ ፊትም የሚመለከት ነው። እንሰት በኢትዮጵያ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ እንደሚመግብ ይነገራል፤ በ2022 የታተመ የእንግሊዝና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ጥናትም ተክሉ ሊበቅል በሚችልበት አገር ሁሉ ቢስፋፋ ከ100 ሚሊዮን በላይ ተጨማሪ ሰው ሊመግብ እንደሚችል ገምቷል። ግምቱ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን በካርታ ላይ የሚስፋፋ ተክልና በእናቶች እጅ የሚፋቅ ተክል አንድ አይደሉም። የማዘጋጀቱ ዕውቀት ያልሄደበት አገር ተክሉ ብቻውን ቢሄድ እንደ ሰሜኑ ኮባ የዳቦ ቅጠል ሆኖ ይቀራል።

ሁለተኛው መጽሐፍ ከሀዋሳ በስተ ደቡብ፥ በሞያሌ መንገድ ዲላን ይዞ ስለሚገኘው የጌዴኦ ምድር የሚናገር ነው። ታደሰ ኪጴ በሆላንድ አገር በዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ ለዶክትርና ማዕርግ ያቀረቡት ሲሆን በ2002 ታተመ። ርእሱም «አምስት ሺህ ዓመት የጸና ኑሮ?» የሚል መልክ አለው። የጌዴኦ ገበሬ በበሬ አያርስም፤ ቡናውን ከእንሰቱ በታች፥ እንሰቱን ከታላላቅ ዛፎች በታች እያደረገ እንደ ሦስት ፎቅ ቤት ይተክላል። የይርጋ ጨፌ ቡና ዝና የመጣው ከዚህ ምድር ነው። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ከ500 ሰው በላይ በሚኖርበት ተዳፋት አገር አፈሩ ታጥቦ አለመሄዱ የሚያስደንቅ ነው፤ ደራሲውም ይህ ሊሆን የቻለበትን ምክንያት ከዛፉ ጥላ፥ ከቅጠሉ ብስባሽና ከሕዝቡ ሥርዐት ጋራ እያያዙ ያስረዳሉ።

የዚህ መጽሐፍ ትልቁ ክብር በርእሱ መጨረሻ ላይ የተቀመጠው የጥያቄ ምልክት ነው። ብዙ ጸሐፊ ያገሩን ጥንታዊነት ሲናገር ቍጥሩን አጽንቶ ይጽፋል፤ እኒህ ደራሲ ግን ቍጥሩን በጥያቄ አቀረቡ። ይህም አግባብ ነው፤ እንሰት ለስላሳ አካል ስላለው በአፈር ውስጥ እንደ ገብስና እንደ ስንዴ ፍሬ ተጠብቆ ብዙ አይገኝም፤ ስለዚህ መቼ እንደ ተለመደ የሚመሰክር ቅሪት እጅግ ጥቂት ነው። ዘመኑን ሳይወስኑ ጥበቡን ማድነቅ ይቻላል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ተብሎ በተመዘገበ ጊዜ ከእርሻው ጋራ የጥንት ትክል ድንጋዮቹም አብረው ተቈጠሩ፤ መዝገቡም የደራሲውን ድካም በሌላ መንገድ አረጋገጠ። ነገር ግን በ2018 በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ። ቡናና እንሰት በአንድ ማሳ ተስማምተው መኖራቸው ሰዎች በአንድ ወሰን ተስማምተው እንዲኖሩ አያደርግም፤ የጥያቄ ምልክቱም በዚህ በኩል ከተጻፈበት ጊዜ ይልቅ ከብዶ ይታያል። የመጽሐፉ ጕድለት የአጻጻፉ ክብደት ነው፤ ለመርማሪ ጉባኤ የቀረበ ስለ ሆነ ሠንጠረዡና ትንታኔው ተራውን አንባቢ ያደክመዋል። ይዘቱ ሳይጓደል በሩብ መጠን ቢጻፍ ግን ለገጠር መምህር ሁሉ የሚሆን መጽሐፍ ይወጣዋል።

ሦስተኛው በዚያው በ2002 በላይደን ከተማ የታተመው «የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች» የተባለው ነው፤ አዘጋጆቹ ክላውዲዩ ቱዶራንቼያና ዊልያም ቴይለር ሲሆኑ ብዙ ሊቃውንት በየምዕራፉ ተካፍለውበታል። ሐይቆቹ ጎረቤቶች ሆነው ሳለ ባሕርያቸው አይገጥምም፤ ካንዱ የሚጠጣ ውኃ ሲገኝ ሌላው ሶዳ ነው። ከሁሉም የሀዋሳ ሐይቅ እንቈቅልሽ አለበት። ስፋቱ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር፥ ከፍታው ከባሕር ጠለል ወደ 1,680 ሜትር ነው፤ ጥቁር ውኃ የተባለው ወንዝ ከጨለለቃ ረግረግ ወጥቶ ይገባበታል፤ ከሐይቁ ግን በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለም። መውጫ የሌለው ውኃ በፀሐይ እየተነነ ጨው ሊሆን ሲገባው የሀዋሳ ሐይቅ ጨዋማ አይደለም። የሊቃውንቱ መልስ ውኃው በእሳተ ገሞራ በተሰነጣጠቀው ዐለት ውስጥ በስውር እየሰረገ ይወጣል የሚል ነው። በሐይቁ ዳር ምሽት ምሽት የሚሄድ የከተማ ሰው ይህን ቢያውቅ ሐይቁን በሌላ ዐይን በተመለከተው ነበር።

የዚህ ዕውቀት ጥቅም ግን ከመደነቅ ያልፋል። ውኃ በስውር የሚወጣና የሚገባ ከሆነ በዳርቻው የሚጣለው ቆሻሻም በስውር ይጓዛል። ጨለለቃ ቀድሞ ሐይቅ ነበረ፤ ከተራቈተው ተራራ የወረደው ደለል ሞልቶት ረግረግ ሆነ፤ ከእንግዲህ ደለሉ ወደ ሀዋሳ ሐይቅ ለመድረስ የሚያግደው ጥቂት ነው። በ1998 የሐይቁ ውኃ ከልኩ በላይ ከፍ ባለ ጊዜ ከተማይቱ ሥጋት ላይ ወድቃ ነበር። በሸለቆው ከጕድጓድ የሚቀዳው ውኃ በብዙ ስፍራ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት የልጆችን ጥርስ ያበላሻል። ዓሣውም ሌላ ነገር ነው። ከመጽሐፉ በኋላ ዘሪሁን ደስታና ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ጥናት ሌሎችን ዓሦች እየበላ በሚያድገው ትልቁ የባርበስ ወገን ውስጥ ብዙ ባዜቃ ተከማችቶ ተገኝቷል፤ ትንንሽ ተክል የሚመገበው ቆሮሶ ግን ጥቂት ብቻ ነው ያለበት። ምክንያቱም ባዜቃ ከተበይው ወደ በላተኛው እየተላለፈ ስለሚጠራቀም ነው። በአሞራ ገደል ገበያ አባ ኮዳዎች የዓሣ ሆድ ዕቃ ሲሻሙ ቆሞ የሚያይ እንግዳ ሁሉ ከዚህ ዕውቀት አንድ ዐረፍተ ነገር ይዞ ቢሄድ፥ ይልቁንም ነፍሰ ጡር ሴቶች ከትልቁ ባርበስ ይልቅ ቆሮሶን እንዲመርጡ ቢነገራቸው፥ ዕውቀት ማለት ይህ ነው።

ይህን መጽሐፍ የሚነቅፈው ሰው ስለ ዋጋው ይነቅፈዋል። ለሊቃውንት ቤተ መጻሕፍት የተሠራ ስለ ሆነ በዓሣ አጥማጁ ኅብረት ቀርቶ በመምህር እጅም አይገኝም። ሌላው ጕድለት በአንድ ወገን የሚታይ አይደለም፤ የሐይቅ ነገር በየዓመቱ ስለሚለወጥ የ2002 መጽሐፍ ዛሬ መሠረት እንጂ ጣራ አይደለም። ጣራውን መሥራት ከዚያ ወዲህ ሐይቁን በየጊዜው ለሚለኩት ያገር ሊቃውንት የቀረ ዕዳ ነው፤ የሚሠሩትም ማንም እንዲያነበው አድርገው ቢሆን ይሻላል።

አራተኛው ከሌሎቹ በጠባዩ ይለያል። ከርሚት ፓቲሰን የተባለው አሜሪካዊ ጋዜጠኛ በ2020 በኒው ዮርክ ያሳተመው መጽሐፍ ርእሱ «የቅሪተ አካል ሰዎች» ተብሎ ሊተረጐም ይችላል። የሚተርከውም በመካከለኛው አዋሽ፥ በአራሚስ፥ በ1994 አጥንቷ መገኘት ስለ ጀመረው ስለ አርዲ ነው። የፊተኛውን የእጅ አጥንት ያገኙት ኢትዮጵያዊው ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። አጥንቱ እጅግ የተሰባበረና በእጅ ሲነካ የሚፈርስ ስለ ነበረ ሊቃውንቱ ጥናታቸውን ለማሳተም እስከ 2009 ድረስ ዐሥራ አምስት ዓመት ፈጀባቸው። ዓለም መዘግየታቸውን ሲነቅፍ እነርሱ በመርፌ ጫፍ አሸዋ ይጠርጉ ነበር።

ደራሲው ታሪኩን እንደ ልብ ወለድ አድርጎ ስለ ጻፈው መጽሐፉ ካራቱ ሁሉ ይልቅ በደስታ የሚነበብ ነው። የዘመኑም ቍጥር፥ 4.4 ሚሊዮን ዓመት፥ እንዴት እንደ ተገኘ ያስረዳል፤ አጥንቱ ከበላዩና ከበታቹ በእሳተ ገሞራ አመድ ተከቦ ስለ ነበረ የአመዱ ዕድሜ ሲለካ የአጥንቱም ዕድሜ በመካከሉ ታወቀ። አንባቢ ቍጥሩን ቢቀበልም ባይቀበልም የአለካኩን መንገድ ማወቁ ይጠቅመዋል፤ መንገዱን ሳይመረምር የሚያምንም የሚክድም ሰው ሁለቱም እኩል አላነበቡም። የአርዲ እግር ታላቁ ጣት እንደ እጅ አውራ ጣት ተለይቶ ዛፍ የሚጨብጥ ሆኖ ሳለ ዳሌዋ ግን በሁለት እግር ለመሄድ የሚያስችል መሆኑ፥ የኖረችበትም ስፍራ ሜዳ ሳይሆን ዛፍ ያለበት መሆኑ ቀድሞ የነበረውን አሳብ አናግቷል።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ግን የመጽሐፉ ልብ ሌላ ነው፤ እርሱም ብርሃኔ አስፋው፥ ጊዳይ ወልደ ገብርኤልና ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ ከአገልጋይነት ሳይሆን ከባለቤትነት ስፍራ ቆመው የሚታዩበት ነው። ቀድሞ በውጭ ሰው መጻሕፍት ውስጥ ኢትዮጵያዊ ሲነሣ ነጂ፥ ወጥ ሠሪ ወይም ጠባቂ ሆኖ ነበር። ይህ ለውጥ የሚያስመሰግን ነው። ጕድለቱም አለ። የሊቃውንቱ ጠብና ቅናት ከሚገባው በላይ ብዙ ገጽ ይዟል፤ ምድሩን የሚያውቁትና አጥንቱን በዐይናቸው የሚለዩት አፋሮች ግን ከፈረንጆቹ ጠብ ያነሰ ስፍራ አግኝተዋል። ደግሞም የመጽሐፉ ዋና አካል ሴት ሆና ሳለች ርእሱ የወንዶችን ስም መያዙ፥ ምንም እንኳ ፈላጊዎቹን ለማመልከት የተደረገ ቀልድ ቢሆን፥ ያደናግራል።

አራቱን መጻሕፍት ወደ አማርኛ የመመለስ ነገር ሲነሣ ሁልጊዜ የሚቀርብ አንድ መቃወሚያ አለ፤ እርሱም አማርኛ ለሳይንስ ቃል የለውም የሚል ነው። ይህ አባባል ታሪክን ያልመረመረ ሰው አባባል ነው። የእንስሳትን ጠባይ የሚናገረው ፊሳልጎስ በጥንት ዘመን ከግሪክ ወደ ግእዝ ተመለሰ፤ አቡሻክር የተባለው የዘመን ቈጠራ መጽሐፍ ከዐረብኛ ተተረጐመ። በባሕረ ሐሳብ ቤት ቀኑን በ60 ኬክሮስ፥ ኬክሮሱንም በ60 ካልዒት የከፈለ ሊቅ የቃል ድኻ ነው ሊባል አይችልም። በ1924 የታተመው የገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የሀብትን ሕግ የመሰለ ከባድ ነገር በጥሩ አማርኛ አስረድቷል። በ1996 ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናት ሊቃውንት የሳይንስና የቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት አውጥተዋል። ባዜቃ የሚለው ቃል እንኳ በአሮጌው አማርኛ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ተማሪው «ሜርኩሪ» ብቻ ብሎ መማሩ የቃል እጦት ሳይሆን የመፈለግ እጦት ነው።

ሁለተኛው መቃወሚያ ከዚህ የበረታ ነው። ሳይንስ ዓለም በጋራ በሚያነበው ቋንቋ ካልተጻፈ አይመረመርም፤ ያልተመረመረም አይታመንም የሚል ነው። ይህ እውነት ነው። አዲስ ግኝት በእንግሊዝኛ ቢታተም የሚገባው ነው፤ የአርዲ ነገር በአማርኛ ብቻ ቢጻፍ ኖሮ ዓለም አይከራከርበትም ነበር። ነገር ግን መቃወሚያው ስለ መጀመሪያው ኅትመት እንጂ ስለ ሁለተኛው አይናገርም። ሊቁ ለሊቃውንት ከጻፈ በኋላ መረጃውን ለሰጡት ሰዎች በቋንቋቸው ቢመልስ ማንም አይከለክለውም። በሀዋሳ ይህ ማለት አማርኛ ብቻ ማለት አይደለም፤ እንሰቱን «ወሴ»፥ ቆጮውን «ዋሳ» የሚለው የሲዳማ ሰው በሲዳምኛ ቢያነበው ይበልጥ ይረዳዋል። ለዚህም አብነት አለ። አዘነ በቀለ ተሰማና ጓደኞቻቸው በ1993 ባወጡት የጠቃሚ ዛፎች መጽሐፍ፥ ምንም እንኳ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ቢሆን፥ የየዛፉን ስም በብዙ ያገር ቋንቋዎች ዘርዝረዋል፤ የልማት ሠራተኛም በገጠር ይዞት ሲዞር ይጠቅመዋል። ከ1989 እስከ 2009 በስምንት ቅጽ ተፈጽሞ ወደ 6,000 የሚጠጉ ዕፀዋትን የመዘገበው «የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት» የተባለው ታላቅ ሥራም፥ የሃያ ዓመት የጋራ ድካም ምን እንደሚያፈራ ያሳያል። ያን የሚያህል ትዕግሥት ለመዝገብ ከተገኘ፥ የመቶ ገጽ ጥራዝ ለመተርጐም ትዕግሥት ጠፋ ማለት አይቻልም።

እንግዲህ አራቱ ሲመዘኑ የፊተኛውን ስፍራ የሚይዘው ረኃብን ስለሚከላከለው ተክል የተጻፈው ነው፤ አጭር ስለ ሆነና ለብዙ ሰው ማዕድ ስለሚጠቅም ነው። ሲተረጐም ግን ስለ ሕፃናት ምግብና ስለ አጠውልግ በሽታ ከ1997 ወዲህ የተገኘው ሊጨመርበት ይገባል፤ ርእሱም ያገር ሰው እንዳይስቅበት «እንሰት» ቢባል ይበቃዋል። ሁለተኛው የሐይቆቹ መጽሐፍ ነው፤ ከእርሱም ስለ ሀዋሳ ሐይቅ የሚናገሩት ምዕራፎች ብቻ ተለይተው፥ የዓሣውና የጕድጓድ ውኃው ነገር ታክሎባቸው፥ በትንሽ ጥራዝ ቢወጡ ለከተማው ሰው ይበቃሉ። የጌዴኦው መጽሐፍ ሦስተኛ ነው፤ ደራሲው ራሳቸው ቢያሳጥሩት እጅግ የተሻለ ይሆናል። አርዲን የሚተርከው ግን በአማርኛ ባይገኝም እንግሊዝኛ የሚችል የከተማ ሰው ሊያነበው የሚችል ነው፤ ስለዚህ በተራ መጨረሻ ይቁም፤ ዝቅተኛ ስለ ሆነ ሳይሆን ሌሎቹ የሚያስቸኵሉ ስለ ሆኑ ነው።

ሥራው ለአንድ ሰው የሚከብድ አይደለም። ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ፥ ምርምር ማዕከል፥ መምህራን፥ የሁለቱን ቋንቋ ሰዋስው የሚያውቁ ካህናትና ጸሐፊዎች አሏት። ከነዚህ ሁለት ሦስቱ ተስማምተው በየዓመቱ አንድ ጥራዝ ቢያወጡ፥ በአራት ዓመት ውስጥ፥ ይኸውም አንድ የእንሰት ችግኝ ለመፋቅ በሚደርስበት ጊዜ፥ አራቱ መጻሕፍት በየቋንቋቸው ይነበባሉ።